ነጋዴው ራምቦ በሸዋና በሐረር

አርተር ራምቦ ሲባል ብዙዎች አስቀድመው የሚያስቡት ገጣሚነቱን ነው። በአውሮፓ ተማሪ ቤቶች ግጥሞቹ ይጠናሉ፤ ስለ ሕይወቱ የተጻፉት መጻሕፍትም እጅግ ብዙ ናቸው። በአገራችን የኖረው ራምቦ ግን ሌላ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። በአንኮበር፣ በእንጦጦና በሐረር ያወቁት ሰዎች ቡና ሲያስመዝን፣ ቆዳ ሲያስቆጥር፣ ግመል ሲያስጭንና ስለ ዕዳ ሲከራከር እንጂ ግጥም ሲጽፍ አላዩትም። በመጨረሻ ሕመሙ የተኛበት የማርሴይ ሆስፒታል እንኳ በመዝገቡ ላይ ሥራውን ነጋዴ ብሎ ጻፈው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንተርክ የምንወደው የዚህን ነጋዴ ሕይወት ነው። ከምእመናኖቻችን መካከል በንግድ ቤተ ሰብ የሚያስተዳድሩ ጥቂቶች አይደሉምና የሚዛንንና የዕዳን ነገር፣ ከቤት ርቆ የመኖርንም ችግር ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ከተማ ነው። አባቱ የእግረኛ ጦር መኮንን ነበሩ፤ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር ሲዘዋወሩ ቤታቸውን እምብዛም አያዩም ነበር። በ1860 ጨርሰው ተለዩና ወደ ሚስታቸውና ወደ ልጆቻቸው አልተመለሱም። እናቱ ቪታሊ ኩይፍ ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ ሥራ ወዳድ፣ በሃይማኖታቸው የጸኑ፣ ልጆቻቸውንም በጥብቅ ሥርዓት የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻቸውን አሳደጉ። አርተር ከታላቅ ወንድሙ ከፍሬደሪክ ጋር በ1866 የመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ፤ በተማሪ ቤትም በላቲን ቋንቋ ከእኩዮቹ በልጦ ሽልማት ይወስድ ነበር። አባቱ በሕይወት እያሉ ያለ አባት ያደገ ልጅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በኋላ ስለ ቤትና ስለ ልጅ የጻፈውን ስናነብ ይህ ነገር ትዝ ሳይለን አያልፍም።

ስሙን ያስጠሩት ግጥሞች ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመቱ ገደማ ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ያ ዘመን የመኰብለል፣ የስካርና የጠብ ዘመን ነበር፤ በ1873 በብራስልስ ከተማ ጓደኛው ገጣሚው ፖል ቬርሌን በሽጉጥ ተኵሶ አቈሰለው። ስለዚህ ክፍል የሚተርኩ ሌሎች ብዙ ስለሆኑ እኛ አልፈነው እንሄዳለን። ከሃያ ዓመቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ግጥሙን ፈጽሞ ተወ፤ ለምን እንደ ተወውም ለማንም አልገለጸም። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ አገር ዞረ፤ በቆጵሮስ ደሴት የድንጋይ ካባ ሠራተኞች ተቈጣጣሪ ሆኖ አገለገለ፤ በ1880 ክረምትም ቀይ ባሕርን ተከትሎ ወርዶ ዓደን ደረሰ።

በዓደን አልፍሬድ ባርዴ የተባለ ፈረንሳዊ የሚመራው የንግድ ቤት ነበር። ራምቦ በዚያ ተቀጥሮ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች እየተቈጣጠረ፣ ጆንያ እያስሰፋና እያስመዘነ ሥራ ጀመረ። ባርዴ ሰውዬው ዝምተኛ ቢሆንም በሥራው የሚታመን መሆኑን ስላየ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ላከው። ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በፈረስ የሃያ ቀን መንገድ ተጕዞ በዲሴምበር ወር 1880 ሐረር ገባ። ከተማዋ ከ1875 ጀምሮ በግብፆች እጅ ነበረች። ከዚያ የሚላከው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫና ዝባድ ሲሆን፣ የሚመጣው ደግሞ ጨርቅና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ነበር።

በዚያው ጊዜ ካፑቺናውያን አባቶችም ወደ ሐረር መጥተዋል። ብፁዕ አቡነ ማስያስ ከ1868 ጀምሮ በሸዋ ካስተማሩ በኋላ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ መደረጋቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ተከታያቸው አቡነ ታውሪን ካኛ በ1881 በሐረር ሚስዮን አቋቋሙ፤ ራምቦም ከእርሳቸው ጋር በዚያ ተዋወቀ። በእነዚያ ዓመታት አዘውታሪ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበር ለማለት ማስረጃ የለንም፤ የጳጳሱ ስም ግን በታሪኩ መጨረሻ ላይ እንደገና ይመጣል።

ከሐረርና ከዓደን ወደ እናቱና ወደ እኅቱ ኢዛቤል የጻፋቸው ብዙ ደብዳቤዎች ለልጅ ልጅ ተርፈዋል። ቅኔ የሚፈልግ ሰው በእነርሱ ውስጥ አያገኝም። ገንዘብ፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ የዕቃ ዋጋ፣ ደግሞም ይላክልኝ የሚላቸው መጻሕፍት ዝርዝር ናቸው፤ መጻሕፍቱም ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ እንጨት ሥራ፣ ስለ ጕድጓድ ቁፋሮና ይህን ስለ መሰለው ሙያ የሚያስተምሩ ነበሩ። መጀመሪያ ያጠራቀመውን ገንዘብ ላከና እናቱ መሬት ገዙበት። እርሱ ግን በዚህ አልተደሰተም፤ ከሩቅ ያለ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል ብሎ ተነጫነጨ። እናት የልጃቸውን መመለሻ ማዘጋጀታቸው እንደ ነበረ ለእኛ ግልጽ ነው፤ ለእርሱ በዚያን ጊዜ ግልጽ የሆነለት አይመስልም።

በ1883 ፎቶግራፍ ማንሻ አስመጥቶ የራሱን መልክ አነሣና ለቤተ ሰቡ ላከ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በጻፈው ደብዳቤ ልቡን ከወትሮው ይልቅ ገልጦአል። ሚስት ማግባትና ቤት መሥራት እንደሚመኝ፣ ቢያንስ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ የቀረ ዕድሜውን እርሱን በማሳደግ ሊያሳልፍ፣ በዘመኑ የሚገኘውን ትምህርት ሁሉ አስተምሮ በዕውቀቱ የታወቀ መሐንዲስ ሲሆን ሊያየው እንደሚወድ አመለከተ። ወዲያውም ይህ ሁሉ ሳይሆን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ሊሞት እንደሚችል ጨመረ። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ልጁን ሳይወልደው ሙያውን የመረጠለት አባት እንደ ነበረ እናስብ።

ምኞቱ ግን አልሆነለትም። በ1884 የባርዴ ኩባንያ ከሰረና የሐረሩ ቤት ተዘጋ፤ ግብፆችም ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ራምቦ ወደ ዓደን ተመልሶ ከአንዲት ሐበሻ ሴት ጋር አብሮ ኖረ። በ1885 መጨረሻ ወደ ሸዋ ለመሄድ ሲነሣ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ አሰናበታት። ስሟን እንኳ ታሪክ በትክክል አልያዘልንም። ሰውዬውን ልናመሰግንበት የምንችለው ሥራ አይደለም።

ወደ ሸዋ ያስነሣው ጉዳይ እንዲህ ነበር። ፒየር ላባቱ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ለብዙ ዓመታት በሸዋ ኖሮአል፤ በአንኮበር አጠገብ ቤት ሠርቶ፣ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ይነግድ ነበር። ራምቦ ያጠራቀመውን ሁሉ ከላባቱ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃዎችን ለንጉሡ ለማቅረብ ተዋዋለ። የጦር መሣሪያ ንግድ መሆኑን ልንሸሽገው አንወድም፤ በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ ይወርዱ የነበሩት አውሮፓውያን ነጋዴዎች ትርፍ ይፈልጉ የነበረው ከዚሁ ነው። በኖቬምበር 1885 ራምቦ ታጁራ ወርዶ ግመልና መንገድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያ እንዳይገባ ከለከለ፤ ክልከላው ሲላላ ላባቱ በነቀርሳ ታመመና ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በ1886 ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ፖል ሶሌዬም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በዓደን ሞተ። ራምቦ ሁለት ሬሳ ከኋላው ትቶ በኦክቶበር ወር ቅፍለቱን ብቻውን ይዞ ተነሣ።

የአሳልን የጨው ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አራት ወር ያህል ተጕዞ ከሸዋ ደጋ ግርጌ ፋሬ ደረሰ። ፋሬ ከባሕር የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚቈምበት ኬላ ነበር። ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ በፌብሩዋሪ 1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ለዘመሮና ለአካባቢው አንባቢዎቻችን ይህ አገር እንግዳ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት ሥራቸው ከመንዝ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ይፋት ወረዱ፣ በኋላም አንኮበርን ከተማቸው አደረጉ። ከከተማይቱ በታች ባለው በአሊዩ አምባ ገበያ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወርደው እህልና በቅሎ ከቈላ ከሚወጣው አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ቡና ጋር ይገናኝ ነበር። ራምቦ የደረሰው አንኮበር ግን ዝም ያለ ነበር። ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው በጃንዩዋሪ 6 ቀን 1887 በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማዋን ይዘዋል፤ ገና አልተመለሱም። መናገሻቸውም ወደ እንጦጦ ተዛውሮአል።

ንጉሡን ሲጠብቅ የላባቱ ጉዳይ ገጠመው። የሟቹ ሚስት በአንኮበር አካባቢ ነበረች። የባሏን ሞት የሰማው አበዳሪ ሁሉ፣ አውሮፓዊም ሆነ የአገር ሰው፣ ሸሪኩ መጣ ብሎ ወደ ራምቦ ተሰበሰበ። መበለቲቱም በአንኮበሩ ገዢ በአዛዡ ፊት ከሰሰችው። እርሱ ደግሞ የሸሪኩን ንብረት ለዕዳው መክፈያ ልያዝ አለ። ቤቱ ሲፈተሽ ግን የረባ ነገር አልተገኘም፤ አሮጌ ልብስና የጥይት ማቅለጫ ቅርጽ ብቻ ቀርቶአል። ላባቱ በሕይወቱ ሳለ የሸዋ ኑሮውን የጻፈባቸው ሠላሳ አራት ደብተሮችም ነበሩ። ራምቦ በንዴት ሁሉንም በእሳት አቃጠላቸው፤ ሴትዮዋ እየረገመችው ነበር። በኋላ የንብረቱ ሰነዶች በደብተሮቹ መካከል ተቀምጠው እንደ ነበረ ተገነዘበ። እኛ በዚህ ላይ ብዙ ቆመናል። የታሪክ ሰው ቢሆን ከሠላሳ አራቱ ደብተሮች አንዲቱን እንኳ ለማየት ምን ባልሰጠ! ከዚያ በላይ ደግሞ መበለቲቱ ከባሏ የቀራት የእጅ ጽሑፉ ብቻ ነበረ። ራሱ ገጣሚ የነበረ ሰው የሌላውን ጽሑፍ አመድ ማድረጉ ከጠመንጃው ንግድ ይልቅ ያስከፋናል።

በማርች ወር ምኒልክ እንጦጦ ገቡ። ራምቦ እንደ አሰበው ግን አልተቀበሉትም። ከሐረር ብዙ መሣሪያ ማርከው ስለ መጡ የእርሱ አሮጌ ጠመንጃ እምብዛም አላስፈለጋቸውም። በችርቻሮ እንዳይሸጥ ከልክለው ዕቃውን በሙሉ በአንድ ዋጋ ወሰዱት፤ ዋጋውንም ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ላይ ላባቱ አለብኝ ያለውን ዕዳ ቀነሱ። ለቀረው 9,000 ብር ያህል ደግሞ በሐረር በራስ መኰንን የሚከፈል ወረቀት ሰጡት። የምኒልክን የንግድ ብልሃት ነጋዴ ያነበበ እንደሆነ ሳይስቅ አይቀርም። ራምቦ ግን አልሳቀም። በሜይ 1887 ከተጓዡ ከዡል ቦሬሊ ጋር በአዲስ መንገድ በኢቱ አገር አድርጎ ሐረር ወረደ። ገንዘቡን ለመቀበል ተከራክሮ፣ የአበዳሪዎቹንም ጥያቄ አብሮት ይዞ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው የዚህ ሕይወት ዋና ነገር ነው ብለን እናምናለን። ራምቦ ዓደን ሲደርስ ለፈረንሳይ ቆንስል የሁሉን ሒሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ለማን ምን እንደ ተከፈለ፣ ከንጉሡ ምን እንደ ተቀበለ፣ የላባቱ ዕዳ ስንት እንደ ነበረ በዝርዝር አሰፈረ። አበዳሪዎቹ አንዳንዶቹ እውነተኛ፣ አንዳንዶቹም የሞተ ሰው አይከራከርም ብለው የመጡ ነበሩ። እርሱ መክፈል ያለበትን ብቻ ሳይሆን የሸሪኩንም ዕዳ ከራሱ ድርሻ ከፈለ፤ አልፎ አልፎ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ መክፈሉን ይናገራል። ሲከፍል ደግ ቃል ይናገር ነበር አንልም፤ ተሳድቦና ተማርሮ ነው የከፈለው። በወንጌል አባቱ እሺ ሳይለው ቀርቶ በኋላ ግን ወደ ወይኑ ቦታ ስለ ሄደው ልጅ የተነገረውን የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ በካይሮ ባንክ ያስቀመጠው 16,000 ፍራንክ ነበር፤ ይህም ሥራውን ሲጀምር ከነበረው እምብዛም አይበልጥም። ያንን ወርቅ ስምንት ኪሎ አድርጎ በመቀነቱ ይዞ ሲዞር ተቅማጥ እንዳስያዘው ጽፎአል። በካይሮ የሸዋ ጉዞውን በአንድ ጋዜጣ በኦገስት 1887 አሳተመ፤ ስለ ጨው፣ ስለ ግመልና ስለ መንገድ ነው፤ ስለ ራሱ ምንም የለበትም።

በ1888 ሐረር ተመልሶ የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ፤ በዓደን የነበረው ነጋዴ ሴዛር ቲያን ሸሪኩ ሆነ። በእንጦጦ ደግሞ በ1879 ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ዕቃውን ይሸጥለት ነበር። የሁለቱ ደብዳቤዎች ሲነበቡ የነጋዴ ጨዋታ ደስ ያሰኛል። ራምቦ አንድ ጊዜ ብዙ ማብሰያ ድስት ላከ። ሌላ ጊዜ የመጻፊያ ደብተር ላከ፤ ኢልግም መጻፍ ለማያውቅ ሰው ደብተር ማን ይገዛል ብሎ ቀለደበት። መቁጠሪያና መስቀልም በዕቃው መካከል ነበረ፤ ለዚያም ገበያ እንዳልተገኘለት አስታወቀው። ባልተሸጠ መቁጠሪያ የተነጫነጨ ነጋዴ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት አንባቢ ቆይቶ ያያል።

ባሪያ ፈንጋይ ነበር የሚል ወሬ ለብዙ ጊዜ ተነግሮበታል። ይህን የመረመሩ ሊቃውንት ማስረጃ አላገኙለትም። ሆኖም በ1889 መጨረሻ ለኢልግ በጻፈው ደብዳቤ ለራሱ አገልግሎት አንድ መልካም በቅሎና ሁለት ወንዶች ልጆች ባሮች እንዲልክለት ጠይቆአል። ኢልግም በሚቀጥለው ዓመት ሰው ገዝቶ እንደማያውቅ፣ አሁንም መጀመር እንደማይፈልግ በትሕትና መለሰለት። ሰው በልጁ ላይ የሚመኘውን ዕውቀትና ነፃነት በሌላው ልጅ ላይ ሳያስብ ሊቀር እንደሚችል ይህ ያሳያል። ኢልግን ስለ መልሱ እናከብረዋለን።

የሐረር ኑሮው ግን በዚህ ብቻ አይመዘንም። ባርዴ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ እርሱ ሲመሰክር ራምቦ ለችግረኞች በድብቅና በብዛት ይሰጥ እንደ ነበረ፣ ፌዝ ወዳድ የነበረው ይህ ሰው ሳያፌዝ የሚሠራው ይህን እንደ ነበረ ተናግሮአል። ዘመኑም የችግር ዘመን ነበር፤ ከብቱ ያለቀበት፣ ሕዝቡ የተራበበት ክፉ ቀን ከ1888 ጀምሮ አገሪቱን ይመታ ነበር። የራምቦ ምግብ እንደ ድኻ ሰው ነበረ፤ መጠጥም ትቶአል። በቤቱ ጃሚ ወዳይ የሚባል ወጣት አገልጋይ ነበረው። ጃሚ በሐረር ተወልዶ ያደገ፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ነበር። ራምቦ ቤተ ሰብ የሚባል ነገር በአገራችን አግኝቶ እንደሆነ ያገኘው በዚህ አገልጋይ በኩል ነው።

በፌብሩዋሪ 1891 ቀኝ ጕልበቱ ያመው ጀመር። ብዙ መሄድ አመጣብኝ ብሎ ችላ አለው። እብጠቱ እየበዛ ሄዶ እግሩ እንደ ግንድ ደረቀ፤ ከአልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ሚዛኑን እያየ ንግዱን ይመራ ነበር። በመጨረሻ ቤቱን በኪሳራ ዘግቶ ቃሬዛ አሠራ። ቃሬዛው በሸራ የተሸፈነ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን በዐሥራ ስድስት ተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ሆኖ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ዐሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ዝናብ ያለ ድንኳን ወረደበት፤ ተሸካሚዎቹም አንድ ጊዜ ሲያወርዱት ጣሉት። በጉዞው የያዘው ማስታወሻ ተርፎአል፤ እነዚያን ሰዎች አራት ብር መቅጣቱ ሳይቀር ተመዝግቦበታል። ሥቃይ ላይ ያለ ሰው ሒሳብ መያዙን አለመተዉ ያስደንቃል፤ ቅጣቱ ግን ለእኛ ደስ አይለንም።

በዓደን ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሲዘጋ የዐሥር ዓመት ልፋቱ ዋጋ 37,450 ፍራንክ ሆነ። በሜይ 20 ቀን ማርሴይ ደርሶ ኮንሴፕሲዮን በተባለው ሆስፒታል ተኛ። እናቱ ወይም እኅቱ ፈጥነው እንዲመጡ፣ እግሩ ሊቈረጥ መሆኑን በቴሌግራም አስታወቀ። እናቱ በማግስቱ መጡ፤ ሜይ 27 ቀን እግሩ ከጕልበቱ በላይ ተቈረጠ። በጁን ወር ግን ኢዛቤል ታምማ ስለ ነበረ እናት ሄዱ፤ አልቅሶ ለመናቸው፣ አልቈዩም። በሁለት የታመሙ ልጆች መካከል የቆመች እናት ምን ታድርግ ይባላል? ራምቦ ግን ይህን በልቡ ያዘ።

በአንድ እግሩ ክራንች ይዞ ሲለማመድ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የሚያሳዝኑ ናቸው። በዚያ ዓመት ክረምት በፈረንሳይ አገር ሚስት ሊያገባ አስቦ እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ጋብቻም ቤተ ሰብም የወደፊት ዘመንም ስንብት እንደ ሆነ ለእኅቱ ገለጠላት። ከሐረር ግን አልረሱትም። ራስ መኰንን በጁላይ ወር ደብዳቤ ጽፈው ስለ እግሩ መቈረጥ ማዘናቸውን፣ በደኅና እንዲመለስም መመኘታቸውን አስታወቁት። የንጉሡን ወረቀት ሲያስከፍል ተከራክሮአቸው የነበረ ሰው መሆኑን ስናስብ ራስ መኰንን ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበሩ ይታወቀናል።

ጁላይ 23 ቀን ወደ እናቱ እርሻ ወደ ሮሽ ሄደ፤ ነገር ግን ባሰበት። በአንድ ወር ውስጥ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ፤ ነቀርሳው በሰውነቱ ሁሉ ተሠራጭቶ ነበር። ኢዛቤል ከአጠገቡ አልተለየችም። የሆስፒታሉ ካህናት ንስሐ እንዲገባ ቢጠይቁት መጀመሪያ እንቢ አለ። ኦክቶበር 25 ቀን እሑድ ካህኑ ሲገባ ግን ኑዛዜውን ሰጠ። ካህኑ ሲወጣ ወንድሟ እምነት እንዳለው፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ እምነት እምብዛም እንዳላየ ለኢዛቤል ነገራት። ከሕመሙ የተነሣ የዋጠው ስለማይጸናለት ቅዱስ ቁርባን እንዳይቃለል ተፈርቶ አልተሰጠውም። ይህን ሁሉ የምናውቀው ኢዛቤል ከሦስት ቀን በኋላ ለእናቷ ከጻፈችው ደብዳቤ ነው። ከእርሷ በቀር ምስክር ስለሌለ የሚጠራጠሩት ጸሐፊዎች አሉ፤ እኅቱ የወንድሟን ስም ለማሳመር ብዙ መድከሟም የታወቀ ነው። እኛ ደብዳቤውን ስናነብ አንዲት ልጅ ለተጨነቀች እናቷ የምትጽፈው ሆኖ አግኝተነዋል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር እንተወዋለን።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አእምሮው በሐረርና በማርሴይ መካከል ይመላለስ ነበር። ቅፍለት ያደራጃል፣ ዕቃ ያስጭናል፤ ኢዛቤልንም አንዳንድ ጊዜ ጃሚ ብሎ ይጠራታል። ኖቬምበር 9 ቀን ለመርከብ ኩባንያ ደብዳቤ አስጻፈ፤ የዝሆን ጥርስ ከቈጠረ በኋላ ወደ መርከብ የሚሸከሙት በስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንዲነገረው ጠየቀ። በማግስቱ ኖቬምበር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ሬሳው ወደ ሻርልቪል ተወስዶ ደወል ተደውሎ ሥርዓተ ቅዳሴ ተደረገለት፤ ከሬሳው በስተኋላ ግን እናቱና ኢዛቤል ብቻ ሄዱ። በልጅነቷ በሞተችው በእኅቱ በቪታሊ አጠገብ ተቀበረ።

ዛሬ በሐረር በስሙ የሚጠራው ያማረ የእንጨት ቤት እርሱ የኖረበት አይደለም፤ ከሞተ በኋላ በአንድ የሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። በኑዛዜው ግን በሐረር አንድ ሰው አስቦ ነበር። ለጃሚ ወዳይ 3,000 ፍራንክ፣ በዚያን ጊዜ ሒሳብ 750 ብር፣ እንዲሰጥ ለእኅቱ ዐደራ ብሎአል። ኢዛቤልም ስለዚሁ ጉዳይ ለአቡነ ታውሪን ጻፈች። ገንዘቡ ሐረር በደረሰ ጊዜ ጃሚ ራሱ ሞቶ ስለ ነበረ የተቀበሉት ወራሾቹ ናቸው።